ለመሄድ ብቻ የሚበቃ ባትሪ

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሰኔ ነው። በኮሌጁ አዳራሽ ሸኙኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ፤ ተናጋሪውም «መምህር ዘውዱ ሠላሳ አራት ዓመት በታማኝነት አገልግለዋል» ብሎ ተቀመጠ። ተጨበጨበ። እኔ ግን ከፋኝ። ታማኝነት ለውሻም ይባላል! ሰውዬው ምን ሠራ? ምን ጠገነ? ምንስ አበላሸ? አንዱም አልተነሳም። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት «ታዲያ ምን ያነጫንጭሃል? አንተው አትጽፈውም?» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ኩራት አበዛ የሚል ካለ ይበል፤ ጆሮዬ ለምዶታል። ደባት ላይ የወፍጮ ሞተር ጠቅልያለሁ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ከአለቃ ጋር ተጣልቻለሁ፣ ደባርቅ ላይ አስተምሬያለሁ። ከሁሉ የምኮራው ግን በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነው። ሞተሯንና ባትሪዋን መርጬ ገደል አሻግሬያታለሁ። የመጀመሪያውን ምርጫዬን ገደሉ በልቶታል፤ እሱንም አልደብቅም።

ሥራ የጀመርኩት ደባት ነው፣ በአንድ ወፍጮ ቤት፣ በጋሽ ላቀው እጅ ሥር። ጋሽ ላቀው በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ጾመ ድጓ ጀምረው ሳለ አባታቸው ሞቱና ቤተሰብ ሊረዱ ወደ ወፍጮ ቤት መጡ። ሥራቸው የተቃጠለ ሞተር መጠቅለል ነበር። የሞተር ጥቅለላ ማለት፣ ለማያውቀው፣ የነደደውን የመዳብ ሽቦ ከሞተሩ ሆድ አውጥቶ አዲሱን ሽቦ ዙር እየቆጠሩ መመለስ ነው። ዙሩ ቢጎድል ሞተሩ ይቆጣል፤ ቢበዛ ይሰንፋል።

እሳቸው ዙር ሲቆጥሩ ሰው አያናግሩም። ባለወፍጮው ራሱ መጥቶ «እንዴት አደርክ ላቀው?» ቢል አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ። አንድ ቀን እኔ ደንባራው «ጋሼ፣ ስንት ደረሱ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ያን ሁሉ የጠቀለሉትን ሽቦ ፈትተው ከአንድ ጀመሩ። ቁጥሩ ጠፍቶባቸው አልነበረም፤ ምናልባት ጠፍቶብኝ ቢሆንስ ብለው ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ ላቤ ሲንጠባጠብ ዋለ።

ሌላው ልማዳቸው መፈተኛቸው ነው። የጠቀለሉትን ሞተር ያለ ሸክም አይፈትኑም፤ እህል አስገብተው ድንጋዩን አስፈጭተው፣ መዳፋቸውን በሞተሩ ጀርባ ላይ አሳርፈው በልባቸው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ጸሎቱ እስኪያልቅ እጃቸው ሙቀቱን ከቻለ ሞተሩ ደኅና ነው። ካልቻለ ይፈታል። ከንፈራቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። እኔም ያንኑ ያዝኩ። ያስተማሩኝ ነገር ሁሉ «ሸክሙን ሳታይ አህያ አትምረጥ» በምትለው አነጋገራቸው ውስጥ አለ፤ ደንበኛ መጥቶ «ስንት ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ልግዛ?» ሲላቸው «ምን ልትፈጭ?» ነበር መልሳቸው።

ከዚያ አምባ ጊዮርጊስ አንድ የእህል ነጋዴ ቀጠረኝ። ሰውዬው ትልቅ ነገር ይወዳል። የእህል ማበጠሪያው ሲሰንፍበት ሄዶ እጥፍ ጉልበት ያለው ሞተር ገዝቶ መጣ። «ጌታዬ፣ ይህን የሚመግብ መስመር የለንም» አልኩት። «አንተ ፈሪ ነህ፤ ግጠም!» አለኝ። ገጠምኩ። ሲነሳ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ቀላ፣ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ሳይዞር ቆመ። «ምን አደረግኸው?» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ፒንሳዬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። የሚበላውን ያላገኘ ሞተር ትልቅነቱ ለራሱም እንደማይሆነው ግን ያን ቀን ገባኝ።

ደባርቅ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የገባሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ የሚሞላው ቅጽ ግን ከዓመት ዓመት ይተርፋል። ስለሱ ይህ ይበቃል። ተማሪዎቼ ዛሬ ከጎንደር እስከ ሁመራ ሞተር ይጠግናሉ። ከሁሉም አንዷ ብርሃኔ ትባላለች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትከራከር ግን ቁጥር ይዛ የምትከራከር ልጅ ነበረች። ተመርቃ እዚያው አስተማሪ ሆነች፤ ጎን ለጎን ሠራን።

ብርሃኔ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በሚወጣ ነጭ ፎምና በሸንበቆ በኤሌክትሪክ የምትበር አውሮፕላን ሠራች። ለተማሪ ማሳያ ነው አለች። «አሻንጉሊት ነው በይኛ» ብዬ ሳቅኩባት። አንድ ቀን ከከተማው ውጭ ባለው ሜዳ ሪሞቷን ይዛ አስነሳቻት። ተነሳች እኮ! ዞረች፣ ተመለሰች፣ እግሯ ሥር አረፈች። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ አሻንጉሊት ያልኩት ጠፋኝ።

በዚያው ሰሞን ለልደት በዓል ጋሽ ላቀውን ልጠይቅ ሄድኩ። ሥራ ካቆሙ በኋላ የተወለዱባት ገደል አፋፍ ያለች ሰበካ ገብተው ከባለቤታቸው ከእማማ ጥሩዬ ጋር ይኖሩ ነበር። መንደሯ ውሃ የላትም። ጥሩ ምንጭ አለ፣ ከመንደሯ ከፍ ብሎ፣ ግን ከገደሉ ማዶ። ለመቅዳት ዙሪያውን ወርዶ መውጣት ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጋሽ ላቀው በዚያ መንገድ ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን ተሰብረው፣ ድኖም ያነክሱ ነበር። እማማ ጥሩዬ ዓይናቸው ደክሟል። ጎንደር ያለችው፣ ሙሉ የምትባለው ልጃቸው ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ ለፋሲካ መጥታ ሁለቱንም ትወስዳቸዋለች።

«ልጅቱ ክፋት የላትም» አሉኝ ጋሽ ላቀው። «ውሃ የሚቀዳልኝ አጥታ ነው። ግን ዘውዱ፣ ጎንደር ምን እሠራለሁ? በረንዳ ላይ ተቀምጬ መኪና ልቆጥር? እዚህ እኮ ጠዋት ኪዳን አደርሳለሁ፣ ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ ሰው ነኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። ጋሽ ላቀው ሲሰበሩ አይቼ አላውቅም ነበር።

ውሃ ቢሮ ቧንቧውን ሰጥቷል፣ ሕዝቡ አዋጥቶ የብረት ገመድ ገዝቷል። የብረቱ ገመድ ገደሉ ላይ ተወጥሮ የፕላስቲክ ቧንቧውን ይሸከማል፤ ከዚያ ውሃው በራሱ ክብደት ይመጣል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋን ክር ማዶ ማድረስ። ክር ከተሻገረ ክሩ ሲባጎ ይስባል፣ ሲባጎው ገመድ፣ ገመዱ ብረቱን። ጎበዛዝቱ ሁለት ጊዜ ገመድ ይዘው ገደሉን ቢወርዱም ገመዱ በቋጥኝና በእሾህ እየተያዘ ተበጠሰ። እኔም አፌ ቀደመኝና «ጋሼ፣ ክሩን እኔ አሻግራለሁ» አልኩ።

ደባርቅ ተመልሼ ብርሃኔን «ያቺ አውሮፕላንሽ ክር ይዛ ገደል ትሻገራለች?» አልኳት።

«ክሩ ስንት ግራም ነው?» ብላ መለሰችልኝ። ጋሽ ላቀው ሰምተዋት ቢሆን ግንባሯን ይስሟት ነበር።

ከብር ሠሪ ሚዛን ተውሰን ሁሉን መዘንን፤ ክንፉን፣ ጅራቱን፣ ከጎርጎራ ያስመጣነውን የዓሣ ማጥመጃ ክር። ከዚያ ወደ ሞተሩ መጣን። በእጃችን የነበረው በአንድ ቮልት በደቂቃ አሥራ አራት መቶ ዙር የሚዞር ፈጣን ሞተር ነው። አየር የሚቀዝፍ ትንሽ ፕሮፔለር ይዞ ይጮኻል። አብሮት የመጣው ወረቀት «አንድ ኪሎ ይስባል» ይላል። በጣውላ ላይ አስረን በስፕሪንግ ሚዛን ብንለካው ሰባት መቶ ግራም ላይ ቆመ።

«ወረቀቱ ውሸታም ነው!» አልኩ።

«አይደለም ጋሼ» አለች። «ወረቀቱ የተጻፈው ለቆላ አገር ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ፕሮፔለሩ የሚይዘው አጣ።»

አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገቱ ላይ ሲያለከልክ እየሳቅኩ፣ ፕሮፔለርም እንደሚያለከልክ አላሰብኩም። በስስ አየር ላይ የሚያስፈልገው ሰፊ ፕሮፔለር ነው፤ ሰፊ ፕሮፔለር ደግሞ ቀስ ብሎ በጉልበት የሚያዞረው ሞተር ይፈልጋል። ፈጣኑ ሞተር ላይ ሰፊ ፕሮፔለር ብናስር ራሱን ያቃጥላል። ስለዚህ በቮልት ዘጠኝ መቶ ዙር የሚሄድ ሌላ ሞተር ከአዲስ አበባ አስመጣን፤ አሥራ አንድ ኢንች ፕሮፔለር ገጠምንለት። ሚዛኑ ከአንድ ኪሎ አለፈ። እሰይ!

ባትሪው ቀጠለ። መጀመሪያ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጡ ሴሎችን በየዘዴው አያይዤ ሞከርኩ። ያው ቆጣቢነቴ ነው። የያዙት ኃይል ብዙ ነበር፣ ሞተሩ ሲስባቸው ግን ቮልቱ ወረደና ፕሮፔለሩ ተንገዳገደ። ጎተራው ሰፊ ሆኖ አፉ ጠባብ ነው። አምባ ጊዮርጊስ የቀላው አምፖል ትዝ አለኝ። ባትሪ ሲመረጥ ምን ያህል እንደሚይዝ ብቻ ሳይሆን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰጥም ይጠየቃል። ለዚሁ የተሠሩ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች መጡልን፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ብርሃኔ ትንሹን አነሳች። እኔ ትልቁን።

«ይከብዳል ጋሼ።»

«ሄዳ መመለስ አለባት። ቢያልቅብንስ? ትልቁ ነው አልኩ!»

ትንሹን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። እንደ ስምምነት ቆጠርኩት።

ትልቁን ባትሪ ሞልተን ስንት እንደሚቆይ ለመለካት ሞተሩን ጣውላው ላይ አስነሳን። ብርሃኔ «ስልኬ ላይ ሰዓት መቁጠሪያ አለ» አለች። ኧረ ወዲያ! ሠላሳ ዓመት በአቡነ ዘበሰማያት የለካሁ ሰው በስልክ ልለካ? መዳፌን ሞተሩ ላይ አድርጌ ደገምኩ። ሃያኛው ላይ ሞተሩ ደከመ። «ስለዚህ አሥራ አምስተኛው ላይ እንመልሳታለን፤ ገደሉ ጋ የሚቆጥሩልን ጋሽ ላቀው ናቸው» ብዬ ፈረድኩ። ደስ እንዲላቸው ነበር። «ስልክ ብርድ ላይ ይጠፋል፤ ጋሽ ላቀው አይጠፉም» ብዬም ቀለድኩባት። በራሴ ቀልድ የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከጥምቀት ሳምንት በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ማለዳ ገደሉ አፋፍ ተገኘን። ከወረዳው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘናል። ያኔ ሰማዩ ሰላም ነበር፤ ዛሬ ከላይ ድምፅ ሲመጣ ሰው ቀና የሚለው በሌላ ልብ ነው። ብርሃኔ ባትሪው ብርድ እንዳያደክመው ከብብቷ ሥር ይዛው አድራ መጣች ማለት ይቻላል፤ ብርድ የመታው ባትሪ ያለውን አይሰጥም። ሕዝቡ ተሰብስቧል። መጀመሪያ ያለ ክር ትሂድ፣ መንገዱን ታሳየንና ትመለስ ተባለ።

ብርሃኔ ስታስነሳት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እየጮኹ ወደ ገደሉ ተበተኑ። ተሻገረች። ምንጩ ላይ ዞረች። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ላቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግማሉ፤ አንዱን ሲጨርሱ ጣታቸውን አጥፈው ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠራሉ። «ስድስት!» አሉ። እኔም «ገና ነው፣ አንድ ጊዜ ድገሚያት፣ ሰው ይያት!» አልኳት። ብርሃኔ ፊቷ ጠቁሮ «ጋሼ፣ ቆየን መሰለኝ» አለች። «ስድስት ነው ተባልሽ እኮ!» አልኩ። «ሰባት!» አሉ ጋሽ ላቀው። መልሳ ወደኛ አዞረቻት። ስምንተኛውን ጀምረው ሳይጨርሱ፣ ልክ መሐል ገደሉ ላይ፣ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ። ዝቅ አለች። ዝቅ አለች። ከዓይናችን ተሰወረች። ስትወድቅ እንኳ አልተሰማም።

ያን ጊዜ ያደረግኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ተደርጓል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አልኩሽ አይደል! ሞተሩን አቃጠልሽው!» ብዬ ብርሃኔ ላይ ጮኽኩ። ሪሞቱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች።

ረፋዱ ላይ ጋሽ ላቀው ቤት ቁጭ ብለናል። እማማ ጥሩዬ እንድንቀምስ ቢለምኑንም አፋችን አልተከፈተም። ብርሃኔ ስልኳን አወጣች። «ጋሽ ላቀው፣ እስኪ እንደ ጠዋቱ አድርገው አንዴ ይድገሙልኝ።» ደገሙ፣ በርጋታ፣ ቃሉን ሳይሰብሩ። «አርባ ሁለት ሰከንድ» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አሁን እርስዎ።» ደገምኩ።

«አሥራ ስድስት።»

ጋሽ ላቀው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «አሥራ ስድስት? ይህ ጸሎት ነው ወይስ የዶሮ ለቀማ? በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልስ?»

«እሱን... አልጨመርኩም ጋሼ።»

«አቡነ ዘበሰማያት ተብሎ በሰላመ ገብርኤል ሳይባል ይቆማል እንዴ? አንተ ዘውዱ! እመቤታችንን እየዘለልክ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ሞተር የለካኸው?»

ብርሃኔ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም ልስቅ ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። ያን ሁሉ ዓመት እጃቸውን ሞተር ላይ ሲያሳርፉ አይቻለሁ፤ በልባቸው ምን ያህል እንደሚሄዱ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ሰው ሲቆጥር አይቋረጥም ብዬ። የእኔ ሃያ ለእሳቸው ስምንት አትሞላም። ሞተሩ አልተቃጠለም፣ ብርሃኔም አላጠፋችም። መስፈሪያውን ሳላስተያይ ያለስልክ ካልለካሁ ያልኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እዚያው ሕዝብ ፊት ቆሜ «የጮኽኩባት በሐሰት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ብርሃኔ «ይቅር ለእግዜር» አለችኝ።

ይቅርታ ግን ክር አያሻግርም። አውሮፕላኗን ብርሃኔ ከሌላ ፎም መልሳ ሠራቻት፤ ጥሩው ሞተርና ትልቁ ባትሪ ግን ገደል ገብተዋል፤ አዲስ አበባ ያለው አልቋል፣ ከውጭ ቢታዘዝ ለፋሲካ አይደርስም። ዐቢይ ጾም ገብቷል። ሙሉ ስልክ ደውላ «ዕቃችሁን አዘጋጁ» ብላቸዋለች። እማማ ጥሩዬም ዶሮዎቻቸውን ለጎረቤት ማከፋፈል ጀምረው ነበር። የመጨረሻዋን እንቁላል ጣይ ይዘው ከደጃፍ ቆመው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው።

በመደርደሪያችን ላይ የቀሩት የናቅናቸው ሁለቱ ናቸው፤ ፈጣኑ ሞተርና ትንሹ ባትሪ። ለጋሽ ላቀው ሄጄ ችግሩን ነገርኳቸው። «ባትሪው ትንሽ ነው ጋሼ፤ ደርሶ መልስ አይበቃም።»

«ለምን ትመለሳለች?» አሉኝ።

«እህ?»

«ማዶ ሰው የለም?»

«አለ። ክሩን የሚቀበሉ ይቆማሉ።»

«ታዲያ ከደረሰች ወዲያ አንስተው በእግራቸው አያመጧትም?»

ትልቁን ባትሪ የመረጥኩት ሄዳ እንድትመለስ፣ ሰው አይቶ እንዲያጨበጭብልኝ ነበር። ሥራው የሚጠይቀው መሄድ ብቻ ነው። ሚዛን ላይ ያልወጣው ሸክም የኔው ጉራ ነበር። ብርሃኔ ትንሹን ባትሪ ያነሳችው ይህ ገብቷት ነው፤ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር።

ቀሪው የእጅ ሥራ ነው፣ እሱን ለኔ ተዉት! ፈጣኑን ሞተር ፈታሁት። ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ሽቦው የሚጠመጠምባቸው አሥራ ሁለት ጥርሶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ ስድስት ዙር። ዙሩ ሲጨምር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቀጠን ባለ ሽቦ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጌ ልጠቀልለው ተነሳሁ። ሁለት መነጽር ደርቤ፣ ትንፋሼን ይዤ። ዘጠነኛው ጥርስ ላይ ስደርስ ዳይሬክተሩ ብቅ ብሎ «መምህር ዘውዱ፣ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት?» አለ። ፈትቼ ከአንድ ጀመርኩ። ብርሃኔ ከውጭ ቆልፋብኝ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠች።

አሥራ አራት መቶ ይዞር የነበረው ሞተር በቮልት ወደ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዙር ወረደ። የዚያን ሰፊ ፕሮፔለር ዓይነት ሌላ ነበረንና ገጠምነው። ዘጠኝ መቶ ግራም ሳበ። አውሮፕላኗ በትንሹ ባትሪ ከነክሯ ስምንት መቶ አትሞላም። ባትሪው በስልኩ ሰዓት አንድ ደቂቃ ተኩል ቆየ፤ ገደሉን ለመሻገር አንድ ደቂቃ ያህል ይበቃል። መዳፌንም አሳረፍኩበት፤ ቻልኩት። ሞተር ሠሪዎቹ በፋብሪካ የሠሩትን ደባርቅ ላይ በእጄ አሻሻልኩት። ይህን በመሸኛዬ ቀን ማን ተናገረ?

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ብዙ ሰው አልተጠራም። ብርሃኔ ሪሞቱን ያዘች፣ እኔ የክሩን ጥቅል እንዲዞር በምስማር ላይ ሰክቼ ቆምኩ። «ስትለቂያት ንገሪኝ» አልኳት። «ስለቃት ያዩታል» አለች። ለቀቀቻት። ክሩ ከጣቴ አጠገብ እየተተረተረ ወጣ። መሐል ላይ ከገደሉ ሥር የወጣ ነፋስ ከፍ አደረጋት፤ ክሩ ተለጠጠ። ብርሃኔ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ያዘቻት፣ ከንፈሯን ነክሳ። ከዚያ አውሮፕላኗ ማዶ ጓሳው ሣር ውስጥ ገባች። አንድ ሰው ሮጦ አነሳትና ከራሱ በላይ ከፍ አደረጋት።

«ይዘዋል! ይዘዋል!» ብዬ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ብርሃኔ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ባትሪውን የመረጥሽው አንቺ ነሽ» አልኳት፣ የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «መጀመሪያም አንቺ ነበርሽ።»

በዚያው ቀን ሲባጎው ተሻገረ፣ በማግስቱ ገመዱ፣ በሳምንቱ ብረቱ። ቧንቧውን ሕዝቡ እየዘመረ አንጠለጠለው። በሆሳዕና ሰሞን ውሃው መጣ። ቧንቧው መጀመሪያ ቀይ ጭቃ ተፋ፣ ሳል አደረገው፣ ከዚያ ውሃው ጠራ።

ሙሉ እንዳለችው ለፋሲካ መጣች፣ ሚኒባስ ተከራይታ፣ ባዶ ጆንያና ገመድ ይዛ፣ ወላጆቿን ጠቅልላ ልትወስድ። ስለ ውሃው በስልክ ተነግሯት አላመነችም፤ ላለመሄድ የፈጠሩት ነው ብላ ነበር። እኔም ብርሃኔም ለበዓሉ ተጠርተን እዚያ ነን። ምግብ ሲቀርብ ሙሉ ተነስታ እጅ ልታስታጥበን ጆግ አነሳች። ጋሽ ላቀው ጆጉን ከእጇ ወሰዱባት።

«ተቀመጪ» አሏት።

«አባባ! እርስዎ አያስታጥቡኝም፤ ነውር ነው።»

«ተቀመጪ አልኩ።»

ተቀመጠች። ጋሽ ላቀው እያነከሱ መጥተው እጇ ላይ ያፈሱ ጀመር። በዚያ ቤት እጅ የሚታጠበው በጣት ጫፍ እንደነበር እኔም አውቃለሁ፤ እሷም እዚያው አድጋ ታውቃለች። ሁለት እጆቿን ቶሎ አሻሽታ «በቃ» አለች። እሳቸው ማፍሰሱን አላቆሙም። ውሃው ከሥር ከተቀመጠው ሳፋ ሞልቶ መሬቱን አራሰ፣ ወደ ደጃፉ ወረደ።

«አባባ፣ ውሃው! ያልቃል እኮ!»

«ይፍሰስ» አሉ ጋሽ ላቀው፣ ጆጉን እንዳዘነበሉ። «ይፍሰስ ልጄ፣ ተይው።»

ሙሉ በእርጥብ እጆቿ ፊቷን ሸፈነች። ሚኒባሱ በማግስቱ ጆንያዎቹን ባዷቸውን ጭኖ ወደ ጎንደር ተመለሰ።